ማርያም በካቶሊክ እምነት

እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የአምላክ እናት፣ የምእመናንም ሁሉ እናት ናት። «ወላዲተ አምላክ» የሚለው ስሟ የጸናው እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ነው። የጉባኤው ክርክር ሥር ግን ልጇ ነበር፤ ከእሷ የተወለደው በእውነት አምላክ ከሆነ፣ እናቱን በሌላ ስም መጥራት አይቻልም።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ በ1854 ያለ አዳም ኃጢአት መፀነሷን፣ ፒዮስ 12ኛ በ1950 በነፍስም በሥጋም ወደ ሰማይ መወሰዷን የእምነት አንቀጽ አድርገው ደነገጉ። ያም ሆኖ አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለእሷ የሚቀርበው የላቀ ክብርና የምልጃ ልመና ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ እሷ የተለየ ሰነድ ያውጣ ወይስ አያውጣ በሚለው በ1963 ድምፅ ሲሰጥ ልዩነቱ 40 ድምፅ ብቻ ነበር። በመጨረሻም ትምህርቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን በሚናገረው ሰነድ 8ኛ ምዕራፍ ሆነ። ቦታው የተገባ ነው፤ ማርያም ከምእመናን ጋር፣ ከፊታቸውም የምትሄድ ናትና።

አርአያነቷ ከሁሉ ይልቅ በቃና ሰርግ ይታያል። ወይን ጠጁ ማለቁን አስተዋለች፤ የደጋሾቹን እፍረት ለልጇ ነገረች፤ አሳላፊዎቹን እንዲታዘዙት አዝዛ ዝም አለች። ወንጌላዊው ዮሐንስ በመጨረሻ የሚያሳየን መስቀሉ ሥር ቆማ ነው።

በየቤቱ ይህ ሁሉ በመቁጠሪያ ይታሰባል። አሥር አሥር ፍሬ አምስት ጊዜ ይቆጠራል፤ ጣት በእያንዳንዷ ፍሬ ላይ ስታርፍ የመልአኩ ሰላምታ ይደገማል፣ ልብ ግን የክርስቶስን ሕይወት ያሰላስላል።