ከእንጦጦ ጠበል እስከ ጃፓን ፍል ውኃ

ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ከትመው በነበሩበት ዘመን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በዚያ ብርዳም አምባ መኖር ማገዶው ከዓመት ዓመት እየራቀ፣ ነፋሱም አጥንት እየሰረሰረ ለመኳንንቱም ለሠራዊቱም ስለ ከበደ፣ ከተራራው ግርጌ በፊንፊኔ ሜዳ ወደሚፈልቀው ፍል ውኃ እየወረዱ ገላን መታጠብና ቁርጥማትን ማስታገስ የቤተ መንግሥቱ ልማድ ሆኖ ነበር። እቴጌ ጣይቱም በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ስለ ሰየሙት፣ መዲናችን የተቈረቈረችው የደከመ ሰውነትን በሚያድስ ውኃ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቤተ መንግሥቱ ወደ ሜዳው ሲወርድ ግን ተራራው ከሕሙማን አልተለየም። ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ቅብዐ መንግሥት የተቀበሉባት እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የጠበል ደጅ ሆነው፣ ከሩቅ አገር የመጣው ጠበልተኛ በአካባቢው ጐጆ እየተከራየ ይሰነብታል፤ በማለዳ እህል ሳይቀምስ ይጠመቃል፤ ካህኑ በመስቀሉ እየባረከ ያጠምቀዋል፤ የቀናቱም ልክ በሱባኤ፣ ማለት በሰባት ቀን፣ ይቈጠራል። አንድ ሱባኤ ያልበቃው ሁለተኛውን ይጨምራል። ከኑሮው ጥድፊያ የተለየው ሕመምተኛ በጾም፣ በጸሎት፣ በዕረፍትና እርሱን በመሰሉ ሰዎች ማኅበር ውስጥ መሰንበቱን የፈውሱ አንድ ክፍል አድርጌ አየዋለሁ።

የሚያስደንቀው፣ በሌላው የዓለም ዳርቻ ያሉ ጃፓናውያን ለፍል ውኃ ሕክምና ያወጡት ሥርዐት ከዚህ ጋር መመሳሰሉ ነው። ቶጂ በሚሉት በጥንታዊ ልማዳቸው ሕመምተኛው ሰባት ቀንን እንደ አንድ ዙር ቈጥሮ፣ ሦስት ዙር፣ ማለት 21 ቀን፣ በፍል ውኃው መንደር ይሰነብት ነበር። ኩሳትሱ በምትባለው ተራራማ ከተማ ውኃው እጅግ ስለሚፈላ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ቢጨመርበት ኃይሉ እንዳይደክም ሲሉ በረጃጅም ሳንቃ እየቀዘፉ ያበርዱታል፤ ታጣቢዎቹም በአንድ አለቃ ትእዛዝ በኅብረት ገብተው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በኅብረት ይወጡ ነበር። በጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር በ1876 ወደዚያች አገር የሄደው ጀርመናዊው ሐኪም ኤርዊን ቤልዝ ይህን ልማድ በሳይንስ ዐይን መረመረው፤ በ1931ም የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ በቤፑ ከተማ የፍል ውኃ ሕክምና ምርምር ተቋም ከፈተ። ዛሬ አረጋውያኗ እጅግ በበዙባት በጃፓን የፍል ውኃ መታጠቢያ የሽማግሌዎችን ጤና ከሚጠብቁ ልማዶች አንዱ ሆኗል።

በእንጦጦ ራጉኤል የተማሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዚያው በ1931 ጃፓንን ጐብኝተው፣ የታዘቡትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ ለአገራቸው አቅርበዋል። ትውልዳቸው ከጃፓን ሊማር የፈለገው አባቶች ያወረሱትን ሳይጥሉ በዕውቀት ማጽናትን ነበር።

የእኛስ ልማድ ከዕውቀት ጋር ተገናኝቷልን? አንድ ጊዜ በግልጽ ተገናኝቷል። በኤች አይ ቪ የተያዙ ብዙ ወገኖች በጠበሉ ተማምነው ወደ እንጦጦ በወጡበት ዘመን፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው የብዙዎችን ጭንቀት አቀለለ። እኔ በበኩሌ ይህን ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ መድኃኒቱን የተወ ሰው ነፍሱን አደጋ ላይ ይጥል ነበርና።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በዚያው ተራራ ለእግረኛና ለሯጭ መንገድ አበጅቷል፤ ከታች ያለው ፍል ውኃም ሕዝቡን ማስታጠቡን አላቋረጠም። የሕክምና መምህራኖቻችን ሆይ፣ የፍል ውኃውን ጠባይ መዝኑ፤ ቁርጥማት ያጐበጣቸው አረጋውያን ከመታጠባቸው በፊትና በኋላ ያላቸውን ሁኔታ መዝግቡ፤ ወደ ተራራውም ወጥታችሁ ከካህናቱ ጋር ተመካከሩ፣ ጠበልተኛውም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሱባኤውን እንዲፈጽም አግዙት።