የአብራሪ የጤና ምርመራና የደከመ ዓይን

የአብራሪ የጤና ምርመራ፥ አውሮፕላን ለመንዳት ፈቃድ የሚጠይቅ ወይም ያገኘውን ፈቃድ የሚያድስ ሰው፥ አካሉና አእምሮው ለዚህ ሥራ የተገቡ መሆናቸውን መንግሥት በሰየመው የአቪዬሽን ሐኪም ፊት ቀርቦ የሚያስመሰክርበት ሥርዓት ነው። ከምርመራው ክፍሎች ሁሉ ብዙውን ወጣት አስቀድሞ ተስፋ የሚያስቆርጠው የዓይን ምርመራ ነው፤ መነጽር ያደረገ ልጅ የአብራሪነትን ነገር ሲያነሣ፥ «አንተማ በዚህ ዓይንህ!» ተብሎ ገና ከቤቱ ደጅ ሳይወጣ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና። ይህ አባባል ለብዙ የጦር አየር ኃይሎች እውነት ሆኖ የቆየ ቢሆንም ለሲቪል አቪዬሽን ግን ዛሬ እውነት አይደለም፤ ዓለም አቀፉ ሕግ የሚመዝነው ዓይን ያለ መነጽር ያለውን ኃይል ሳይሆን፥ በመነጽር ከታረመ በኋላ የሚደርስበትን መዓርግ ነው።

ዓይንን በልኬት መፈተን ከአውሮፕላን የቀደመ ታሪክ አለው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኔዘርላንዱ የዓይን ሊቅ ሄርማን ስኔለን፥ ከላይ ወደ ታች እያነሱ የሚወርዱ ፊደላት የተጻፉበትን ሰሌዳ በ1862 ባሳተመ ጊዜ፥ የሰው ብርሃነ ዓይን በግምት ሳይሆን በቁጥር የሚነገር ነገር ሆነ። በ1875 በስዊድን አገር ላገርሉንዳ በተባለ ስፍራ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰዎች ከሞቱ በኋላ ደግሞ፥ የኡፕሳላው ፕሮፌሰር ፍሪቲዮፍ ሆልምግሬን የአደጋው ምክንያት የምልክት መብራቱን ቀለም ለይቶ ማየት አለመቻል ሊሆን ይችላል ብሎ ተጠራጠረና፥ የባቡር ሠራተኞችን በልዩ ልዩ ቀለም በተነከሩ የሱፍ ክሮች መመርመር ጀመረ። ስለዚህ አውሮፕላን በመጣ ጊዜ የዓይን ፈተና ተዘጋጅቶ ጠበቀው ለማለት ይቻላል። አሜሪካ በ1926 የአየር ንግድ ሕግን ስታወጣ፥ የአብራሪዎችን የጤና መለኪያ የማዘጋጀቱ ሥራ ሉዊስ ባወር ለሚባል ሐኪም ተሰጠ። በ1944 በቺካጎ ከተማ የተሰበሰቡት መንግሥታት፥ ከእነርሱም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፥ ዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦን) ስለሚያቋቁም ስምምነት ከመከሩ በኋላ፥ ስለ አብራሪዎች ፈቃድ የሚደነግገው የስምምነቱ 1ኛ አባሪ በ1948 ጸደቀ። በአዲስ አበባም ሆነ በዱባይ የሚመረመር ሰው በመሠረቱ ይኸው መለኪያ ይጠብቀዋል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አገር፥ እያንዳንዱም አየር መንገድ ለራሱ ተማሪዎች፥ ከዚህ የጠበቀ ደንብ የማውጣት መብት ስላለው፥ አመልካች የሚያመለክትበትን ቦታ ደንብ አስቀድሞ ጠይቆ መረዳት ይገባዋል።

መለኪያው እንዲህ ነው። በንግድ አውሮፕላን ለሚያገለግል አብራሪ የሚሰጠውን የ1ኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት ለማግኘት፥ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር 6/9 ወይም ከዚያ የተሻለ፥ ሁለቱ ዓይኖች አብረው ደግሞ 6/6 ማየት አለባቸው፤ ለግል አብራሪ በሚሰጠው በ2ኛ ደረጃ ግን 6/12 እና 6/9 ይበቃል። አሜሪካ ለንግድ አብራሪዎች በምትሰጣቸው በራሷ 1ኛና 2ኛ ደረጃዎች እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 20/20 እንዲያይ ትጠይቃለች፤ ይህ 6/6 የሚባለው ራሱ በጫማ ሲለካ ነው። ከቁጥሮቹ በስተጀርባ ያለውን ነገር ለማስተዋል፥ አንባቢው በ6 ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ በዓይነ ልቡናው ይመልከት፤ የ6/6 መስመር ፊደል ቁመቷ 9 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ፥ ከሽንብራ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ስትሆን፥ የ6/60ዋ ፊደል ግን የመዳፍን ወርድ ታህላለች። ያለ መነጽር ከ6/60 በታች የሚያይ ሰው፥ ይኸውም ጤነኛ ዓይን በ60 ሜትር የሚያየውን እርሱ በ6 ሜትር እንኳ ማየት የሚሳነው ሰው፥ በኢካኦ ድንጋጌ ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት የተሟላ የዓይን ሐኪም ማስረጃ እንዲያቀርብና ይህንኑ በየ5 ዓመቱ እንዲያድስ ይታዘዛል እንጂ በሩ አይዘጋበትም። ጥልቅ ማዮፒያ፥ ማለት ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ደዌ፥ የዓይን ኳስ ከልኩ በላይ ረዝሞ ሬቲናን ስለሚያሳሳው፥ ማስረጃው የሚፈለገው ስለ መነጽሩ ውፍረት ሳይሆን ሬቲናው የመቀደድ አደጋ ያለበት እንደ ሆነ ለማወቅ ነው።

ይህ ከታወቀ የዝግጅቱ ነገር ከብዙ ሰው ግምት የተለየ ሆኖ ይገኛል። የረዘመ የዓይን ኳስ በልምምድ አያጥርም፤ ካሮትም ቢበሉለት ቁጥሩ አይቀንስም፤ ስለዚህ ገንዘብንና ጊዜን በእንዲህ ያለው ተስፋ ላይ ማፍሰስ ወጣቱን መበደል ነው። እውነተኛው ዝግጅት ዓይንን ማሠልጠን ሳይሆን ዓይንን ማወቅ ነው። አመልካቹ ወደ አቪዬሽን ሐኪም ከመቅረቡ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በራሱ ፈቃድ ወደ ዓይን ሐኪም ሄዶ ቢመረመር፥ በዚያ የተገኘው ጉድለት በእርጋታ ይታረማል፤ ሳይመረመር በቀጥታ ቀርቦ ቢወድቅ ግን ውድቀቱ በመዝገብ ይሰፍርና በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ይሆናል። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው፥ ሌንሱ የኮርኒያን ቅርጽ ለጊዜው ስለሚለውጥ፥ ልኬቱ ከመወሰዱ በፊት ስንት ቀን ማውለቅ እንደሚገባው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ጠጣሩ ሌንስ ከለስላሳው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ወጣት ዓይን የቅርብ ዕይታ ጉድለቱን በራሱ ጡንቻ ኃይል እያካካሰ ሊሸሽገው ስለሚችል፥ ሐኪሙ የዓይን ብሌንን የሚያሰፋና ጡንቻውን የሚያሳርፍ ጠብታ ይጨምርበት ይሆናል፤ ከዚህ ጠብታ በኋላ ቅርቡ ሁሉ ለሰዓታት ስለሚደበዝዝ፥ ሁለቱን ምርመራዎች በአንድ ቀን መያዝ ስሕተት ነው። የስኳር ሕመም ያለበትም ሰው የደሙ ስኳር ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰሞን የመነጽሩ ቁጥር አብሮ ሊዋዥቅ እንደሚችል ያስታውስ፤ ስኳሩ ሳይረጋ የታዘዘ መነጽር በወሩ ላይስማማው ይችላል።

በቀኑ የሚሆነው ነገር ራሱ ቀላል ነው። ተመርማሪው ከሰሌዳው ትይዩ ይቀመጥና አንድ ዓይኑን ይሸፍናል፤ መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ሳይጫን ቢሸፍን መልካም ነው፤ ኳሱን ከተጫነው፥ ተራው ደርሶ ሲገለጥ ለጥቂት ጊዜ ጭጋግ ይታየዋል። የላቲን ፊደል ለማያነብ ሰው፥ ባለ ሦስት ጣት የምትመስለዋ የ«ኢ» ምልክት ወደ አራቱ አቅጣጫ እየዞረች ትቀርብለታለች፤ እርሱም በጣቶቹ ወደየት እንደምትመለከት ያመለክታል። ዓይንን ማጨንቆር ለጊዜው ፊደሏን ያጠራት ይሆናል፤ ነገር ግን መርማሪው ይህን ይከለክላል፤ እየተጨነቆረ የታየ ፊደል የዓይኑን እውነተኛ ልክ አይናገርምና። ሌሊቱን በጥናት ወይም በስልክ መስታወት ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑ ደርቆና ደክሞ ስለሚቀርብ፥ ከዋዜማው ጀምሮ ዓይንን ማሳረፍ ከመድኃኒት ይሻላል። በቦርሳው ውስጥ የሚያደርገውን የዘወትር መነጽር፥ ትርፍ መነጽሩን፥ የቅርብ ጊዜ የመነጽር ማዘዣውን፥ የዓይን ቀዶ ሕክምናም አድርጎ እንደ ሆነ የዚያን ማስረጃ ይያዝ። ትርፉ መነጽር ለምርመራው ቀን ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ በመነጽር ያለፈ አብራሪ በምስክር ወረቀቱ ላይ መነጽር የማድረግ ግዴታ ይጻፍበታል፥ በበረራም ጊዜ ሁሉ ሌላ መነጽር በቅርቡ እንዲገኝ ሕጉ ያዝዛል። አንዱ ቢሰበር በደመና መካከል መነጽር ቤት አይገኝምና ትእዛዙ ተገቢ ነው።

ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ጭንቀቱ ከሩቁ ወደ ቅርቡ ይዞራል። ኢካኦ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ባለው ርቀት የደቀቀውን ጽሑፍ፥ በ100 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ጎላ ያለውን እንዲያነብ አብራሪውን ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው የካርታውና የሰነዱ ርቀት ሲሆን ሁለተኛው የመሣሪያው ሰሌዳ ርቀት ነው። በትልልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ ከራስ በላይ የተደረደሩ ማብሪያና ማጥፊያዎች ስላሉ፥ የማንበቢያው ክፍል ከታች ብቻ ሳይሆን ከላይም የተሠራለትን መነጽር የሚያሠሩ አብራሪዎች አሉ፤ ይህን ለመነጽር ሠሪው የሥራ ቦታን ርቀት በሜትር ለክቶ ማስረዳት ያስፈልጋል። አንዱን ዓይን ለሩቅ ሌላውን ለቅርብ የሚከፍለው የኮንታክት ሌንስ ዘዴ ግን ለአብራሪ የተፈቀደ አይደለም። ለምን እንዳልተፈቀደ የሚያስረዳው የኒው ዮርክ አደጋ ነው፤ በጥቅምት 19 ቀን 1996 አንድ ኤምዲ-88 የመንገደኞች አውሮፕላን በዝናብና በጭጋግ ውስጥ በውኃ ላይ አልፎ ወደ ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ፥ የመቃረቢያ መብራቶቹን ተሸካሚ መትቶ በመንደርደሪያው ላይ ተንሸራተተ። የነበሩበት 63 ሰዎች ሁሉ በሕይወት ተረፉ፤ መርማሪዎቹም ካፒቴኑ እንዲህ ያለ ሌንስ አድርጎ እንደ ነበረና፥ በዚያ ጭጋግ ከመንደርደሪያው ያለውን ከፍታና ርቀት አሳስቶ እንዲያይ ሌንሱ ምክንያት እንደ ሆነ ደመደሙ። ሰውየው በሰሌዳ ፊት ደህና ያነብ የነበረ ሰው ነው፤ የሩቅን ነገር ርቀት በሁለት ዓይን መመዘን ግን ከማንበብ የተለየ ሥራ ነው።

ቀለምን መለየት በመነጽር የማይታረም ስለ ሆነ ለብቻው ይታያል። የጃፓኑ ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 ያሳተማቸው፥ በባለቀለም ነጠብጣቦች መካከል አኃዝ የተሰወረባቸው ገጾች እስከ ዛሬ በየአገሩ ያገለግላሉ፤ አሜሪካ ግን ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ አመልካቾችን በኮምፒዩተር በሚሠራ ፈተና ትመረምራለች። ቀለም የተነከረ ሌንስ አድርጎ መፈተን አይፈቀድም። በመንደርደሪያ ጎን የሚቆሙት አራት መብራቶች የዚህን ፈተና ምክንያት ይናገራሉ፤ ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ ሆነው ሲታዩ አውሮፕላኑ በትክክለኛው ቁልቁለት ላይ ነው፥ አራቱም ቀይ ሲሆኑ ግን እጅግ ዝቅ ብሏል። በሐምሌ 26 ቀን 2002 ከንጋት በፊት አንድ ቦይንግ 727 የጭነት አውሮፕላን በፍሎሪዳ ታላሃሲ ከመንደርደሪያው አስቀድሞ ከዛፍ ጋር ተላተመ፤ ሦስቱ ሠራተኞች ቆስለው ተረፉ። ለአደጋው ዋና ምክንያት አብራሪዎቹ ትክክለኛውን ቁልቁለት ጠብቀው አለመውረዳቸው ሆኖ ቢቆጠርም፥ ያወርድ የነበረው ረዳት አብራሪ ቀለም የመለየት ጉድለት እንዳለበት በምርመራው ተረጋግጦ፥ ከድካም ጋር ከአጋዥ ምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተጽፏል።

መነጽርን በሌዘር ቀዶ ሕክምና ለማስወገድ የሚያስብ ሰው አይቸኩል። ሕክምናው በራሱ አይከለክልም፤ ነገር ግን ልኬቱ እስኪረጋና በሌሊት መብራትን ከብቦ የሚታየው ጸዳል እስኪጠፋ ድረስ ምስክር ወረቀቱ ሊዘገይ ይችላል። መለኪያውን በመነጽር አስቀድሞ የሚያሟላ ወጣት ለምርመራው ሲል ብቻ ኮርኒያውን ማስቀረጽ ምን ያስፈልገዋል?

ከሁሉ የሚያሳዝነው መደበቅ ነው። ሰሌዳውን በቃሉ አጥንቶ የሚቀርብ፥ ያደረገውን ቀዶ ሕክምና በመጠይቁ ላይ የማይጽፍ ሰው አለ፤ በአሜሪካ ይህ እስከ 250,000 ዶላር መቀጫና እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያደርስ ወንጀል መሆኑ በመጠይቁ ላይ ተጽፏል። ሕጉ ግን ጉድለቱን ለሚናገር ሰው መንገድ አበጅቷል። ዊሊ ፖስት የተባለው አሜሪካዊ በ1926 በኦክላሆማ የነዳጅ ጉድጓድ ሥራ ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ የግራ ዓይኑን አጣ፤ በካሣው ገንዘብ አውሮፕላን ገዛ፤ የርቀትም ግምቱ እንዲመለስለት፥ በሜዳ ላይ እየተራመደ እስከዚያ ዛፍ ወይም እስከዚያ ኮረብታ ስንት እርምጃ ይሆናል ብሎ ከገመተ በኋላ ቆጥሮ ያረጋግጥ ነበር። በ1933 ብቻውን ዓለምን በአውሮፕላን ዞረ፤ የፈጀበትም 7 ቀን ከ18 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ አንድ ዓይን ብቻ የቀረው አመልካች ቢያንስ 6 ወር ከሁኔታው ጋር እስኪለማመድ ይጠብቅና፥ ከመርማሪ ጋር ወደ አየር ይወጣል፤ በዚያም ሞተሩ ቢቆም የሚያርፍበትን ሜዳ ከሩቅ እንዲመርጥ፥ ሌላ አውሮፕላን ሲመጣ እንዲያመለክት፥ ካርታውን እንዲያነብ፥ በመጨረሻም አውሮፕላኑን በልኩ እንዲያሳርፍ ይጠየቃል።