ከቀዶ ሕክምናው ማግሥት

እነሆ፣ ትረካችን ከቡሌ ደጋ ይነሳል። እንሰትና ገብስ ጎን ለጎን ከሚበቅሉበት፣ ብርዱ አጥንት ከሚገባበት ከጌዴኦ ከፍታ። አንዲት እናት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ሌሊቷ ነው። ስም አናወጣላትም፤ እሷ አንድ ሴት አይደለችምና። ያንን ቁልቁለት በሰው ትከሻ የወረዱት ሁሉ በእሷ ውስጥ አሉ።

ጎረቤት ተጠራ። ቃሬዛ ተሠራ። አራት ጎልማሶች ተሸከሙ፤ ሌሎች አራት ሊያቀያይሯቸው ተከተሉ። ጭቃውን አልፈው መኪና መንገድ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ዲላ። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የጌዴኦን ሰው ብቻ አይቀበልም፤ ከጉጂም ከሲዳማም የመጣ በሽተኛ ያርፍበታል።

«ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል» ተባለ። ዘመድ ሁሉ ቢላዋውን ፈራ። በሩ ሲዘጋ ጸሎት፣ በሩ ሲከፈት እልልታ። እናትም ልጅም ደህና ናቸው! ተሸካሚዎቹ አደጋው አለፈ ብለው ወደ ቀያቸው ሊመለሱ ተነሱ።

ቆዩማ፣ አትሂዱ! የምነግራችሁ ገና አሁን ጀመረ።

በ2008 ዓ.ም. የ25 የአፍሪካ አገሮች ሐኪሞች ተማከሩ፤ ኢትዮጵያም ነበረችበት። በ247 ሆስፒታሎች፣ በየአገሩ ለአንድ ሳምንት፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን አዋቂ ሰው ሁሉ መዘገቡ። 11,422 ሕሙማን ሆኑ። ውጤታቸው ከታወቀው መካከል 239 ሰዎች ሞቱ። መቼ ሞቱ? ሰው እንደሚፈራው ጠረጴዛው ላይ ይመስላችኋል? ከ239ኙ 225ቱ የሞቱት ከቀዶ ሕክምናው ቀን በኋላ ነው። ቢላዋው ከተቀመጠ፣ ክሩ ከታሰረ፣ እልልታው ከቀለጠ በኋላ!

«እና ከሌላው ዓለም ስንተያይስ?» ትሉኛላችሁ። እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ፤ ቁጥር ያታልላልና። በአፍሪካው ጥናት የሞተው ከመቶ 2.1 ነው። ቀደም ብሎ በ28 የአውሮፓ አገሮች በተደረገ ጥናት ደግሞ ከመቶ 4 ሞቷል። ታዲያ እኛ ተሻልን? አልተሻልንም። የአውሮፓው በሽተኛ በዕድሜ የገፋ፣ ብዙ ደዌ የተሸከመ ነው። የአፍሪካው በሽተኛ አማካይ ዕድሜ 38 ዓመት ተኩል ነበር፤ ገና ጉልበት ያለው፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ቡና የሚለቅም ሰው። በቀጠሮ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ብቻ ለይተን ስናስተያይ እውነቱ ይወጣል፦ በሌላ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ200 ሰው 1፣ በአፍሪካ ከ100 ሰው 1። ወጣቱ በእጥፍ ይሞታል።

የእናቶቹ ነገር ደግሞ ይብሳል። በዚያው ጥናት በቀዶ ሕክምና ከወለዱ 200 እናቶች አንዷ ሞታለች። በሀብታሞቹ አገሮች ካለው 50 ጊዜ ይበልጣል። ዋናው ገዳይ የደም መፍሰስ ነበር፤ የማደንዘዣ ችግርም አለበት።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ያ ቁልቁለት ነው፤ ሰው ከተዳከመ በኋላ ይደርሳል። ሁለተኛው ዘግይቶ የሚታይ አደጋ ነው። ደም ከውስጥ ይፈሳል፣ ቁስል ያመረቅዛል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ግን በጊዜ የሚያይ አይገኝም። ከአሥር ሕሙማን አንዱ ኢንፌክሽን ይዞታል። ሦስተኛው የሰው እጥረት ነው። ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 20 የቀዶ ሕክምና፣ የማዋለድና የማደንዘዣ ስፔሻሊስቶች ያስፈልጋሉ ሲባል፣ በተጠኑት ሆስፒታሎች የተገኘው 0.7 ነበር። አንድ ሰው እንኳ አይሞላም!

ሐኪሞቹ ዝም አላሉም። በ28 የአፍሪካ አገሮች ሌላ ሙከራ አደረጉ። አደጋ የሚያሰጋውን በሽተኛ ነርሷ ከምታየው አልጋ ላይ አስተኙ፤ ቶሎ ቶሎ ለኩት፤ ዘመድ አጠገቡ እንዲሆን ፈቀዱ። ሞቱ ቀነሰ? አልቀነሰም። ምነው ቢሉ፣ ማየት ብቻውን አያድንምና። ያየው ሰው ሲጣራ የሚደርስ ሐኪም፣ የሚሰቀል ደም፣ የሚከፈት ኦክስጅን ካልተገኘ፣ ዓይን እያየ ሰው ይሞታል።

ተስፋ ግን አለ፤ በእጃችንም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ማመሳከሪያ ቅጽ በስምንት ከተሞች ሲሞከር ሞት ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወርዷል። በሽተኛው ማን ነው? የሚቀደደው የትኛው ጎን ነው? ፀረ ተሕዋስያኑ በሰዓቱ ተሰጠ? ፋሻው ተቆጠረ? ይኸው ነው። በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም እጅ መታጠብን፣ የዕቃ ንጽሕናንና የመድኃኒቱን ሰዓት አጥብቀው ሲጠብቁ ኢንፌክሽን በ35 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ስፔሻሊስት እስኪበቃ በሚልም አገሪቱ ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ ስታሠለጥን ቆይታለች። ዲላ ዩኒቨርሲቲም የማደንዘዣ ባለሙያ ያሠለጥናል።

እንግዲህ አስታማሚ ሆይ፣ እልል ብለህ አትሂድ። ጨርቁ በደም ከራሰ፣ ትኩሳት ከተነሳ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ንግግሯ ከተዘባረቀ፣ «ሲስተርን አላስቸግር» አትበል፤ ጥራ! ሆስፒታል ሆይ፣ እነዚህን ምልክቶች በጌዴኦፋም በአማርኛም ለዘመድ ንገር፤ ሲጠራህም ድረስ። ደም ለጋሽ ወጣት ሆይ፣ የምትሰጠው አንድ ከረጢት ለዚያች እናት ነው። በጀት የምትመድቡ ሆይ፣ የቀዶ ክፍል ስትሠሩ የማግሥቱን አልጋና ነርስ አብራችሁ ቁጠሩ። በየዓመቱም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስንት ሰው ሞተ፣ በስንተኛው ቀን፣ በምን ምክንያት፣ ተቆጥሮ በአደባባይ ይነገር። ያ 225 ሰው ባይቆጠር ኖሮ ዛሬም ቢላዋውን ብቻ እንፈራ ነበር።