በእናቶቻችን ግንባር ላይ ያለው ንቅሳት

በጎንደር መንደሮች የሴት ልጅ ግንባርና አንገት በመርፌ ወይም በእሾህ ይወጋና ጥላሸት ይገባበት ነበር። ቦታው ያብጣል፣ ቅርፊት ይይዛል። "እንዳታኪው!" ይሏታል፤ ቅርፊቱ ያለጊዜው ከተላጠ መልኩ ይበላሻላ።

ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 ንቅሳትን ይከለክላል። ቢሆንም ከእናቶቻችን መካከል ግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸው አሉ። አንዷ ለጌጥ ብላ፣ ሌላዋ ከክርስቲያን ጎረቤቶቿ ላለመለየት ነው የተነቀሰችው። በ1984ም በ1991ም እዚህ ሲደርሱ ያ መስቀል አሳፈራቸው፤ ሻሹ ወደ ግንባር ወረደ።

አሁን ልጆች "በሌዘር እናስጠፋልሽ" ይላሉ። ይቻላል፤ ግን በአንድ ቀን አያልቅም። ያው ቦታ እንደገና ይቆስላል፣ ቅርፊቱ አይነካም፣ ከፀሐይ ይከለላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት እስቲ እሷን ጠይቋት፤ "ተዉልኝ" የምትልም አለች።