ማስቃላና ሁለት ልብ

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ላንቴ በሙዟ ትታወቃለች። ከአባያ ሐይቅ ወዲህ ባለው ሜዳ ከሰፈሩት ቤተሰቦች የብዙዎቹ የዘር ሐረግ ግን የሚመዘዘው ከላይ፣ ከጋሞ ደጋ ነው። ወባ ያስፈራው የነበረው ይህ ቆላ ሰው በብዛት የሰፈረበት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በ1950ዎቹ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ከወረደ ወዲህ ነው። ስለዚህ መስከረም ሲጋመስ፣ የአባቱ ቤት በዶርዜ፣ በዶኮ ወይም በዲታ ለቀረበት ሰው ማስቃላን፣ ማለትም የመስቀልን በዓል፣ ማክበር ማለት ሽቅብ መውጣት ነው። ደስ ብሎት የሚወጣ አለ፤ እያመነታ የሚወጣም አለ። ከወጣ በኋላ ከሥጋው እበላለሁ፣ ከሥርዓቱ ግን አልገባም የሚልም ሞልቷል።

ይህን ማመንታት ብዙ ሰው የዘመኑ ወጣት ባህሉን በመዘንጋቱ የመጣ አድርጎ ይወስደዋል። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። በጋሞ ማስቃላ ላይ የሁለት ልብ መሆን ታሪክ ቢያንስ መቶ ዓመት ይሞላዋል፤ ያመነቱት ሰዎችም ምክንያት ነበራቸው።

የበዓሉን ዕድሜ እናስቀድም። የጋሞ ስም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው የዐፄ ይስሐቅ ገባሮች በተቆጠሩበት የድል መዝሙር ውስጥ ይገኛል። ከአባያ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ ላይ የምትገኘው የብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ከኢማም አሕመድ ጦርነትና ከእርሱ በኋላ ከተከተለው የሕዝብ እንቅስቃሴ በፊት ክርስትና እስከዚህ ደርሶ እንደነበር ምስክር ናት። ጀርመናዊው የባህል ተመራማሪ አይክ ሃበርላንድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የተረሳ ዘመን በደቡብ ኢትዮጵያ ሁሉ እየተከተለ መርምሮታል። ከሰሜኑ ጋር የነበረው ግንኙነት ሲቋረጥ ካህንና መጽሐፍ ቢጠፉም በዓላት ቀሩ። ማስቃላም ካህን በሌለበት በአባትና በአያት እጅ ቆየ፤ ከመሥዋዕቱ፣ ከምርቃቱና ከታላቅና ታናሽ ሥርዓት ጋር ተዋሐደ። ስለዚህ «የቤተ ክርስቲያን በዓል ነው» የሚለውም «የአባቶች አምልኮ ነው» የሚለውም ከፊሉን እውነት ይዘዋል ብዬ አምናለሁ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ያላለቀውም በዚህ ይመስለኛል።

በዓሉ በደጋው እንዴት ይከበር እንደነበር ሲታይ የቤተሰብ በዓል መሆኑ ወዲያው ይገባል። ሸማኔው ከአዲስ አበባ፣ ከሽሮ ሜዳና ከጉለሌ፣ ነጋዴውም ከሄደበት ይመለሳል። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው ሰንጋ ይገዛሉ፤ ቅቤው፣ ገንፎው፣ ቆጮው፣ ቦርዴ የሚባለው መጠጥ ይዘጋጃል። ከሁሉ በፊት የተጣላ ይታረቃል። ቂም ይዞ ወደ ማስቃላ መግባት ጎሜ ነው፤ በቤትና በከብት ላይ መዘዝ ያመጣል ተብሎ ይፈራል። በእነዚያ ቀናት ድኻ ሊራብ አይገባም፤ ለከብቱ እንኳ ለምለም ሣር ይታጨድለታል። አዲስ ተጋቢዎች አምረው፣ ቅቤ ተቀብተው ገበያ ይወጣሉ፤ ይህ ሶፌ ይባላል። የተዳረች ልጅ ከባሏ ጋር የወላጆቿን ቤት ትጎበኛለች።

ከዚህ ሁሉ ሥር ግን ጠንካራ ተዋረድ አለ። ካዎው (ባህላዊው ንጉሥ) ለአገሩ፣ አባት ለቤቱ፣ በኩር ለወንድሞቹ ይቀድማል፤ ታናሽ ታላቁን አይቀድምም። የምርቃቱና የመሥዋዕቱ መብት የሚወርደው በዚሁ መስመር ነው። ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ደግሞ ከነጭራሹ ከመስመሩ ውጭ ነበሩ፤ መሬት የለሽ ሆነው፣ ከባለመሬቱ ጋር ሳይጋቡና በአንድ ገበታ ሳይበሉ ኖረዋል። የማስቃላን ደስታ የጻፉ ብዙዎች ይህን አልፈውታል። እኔ ግን የኋላውን ታሪክ ያለዚህ መረዳት አይቻልም እላለሁ። በማዕዱ ራስ የተቀመጠና ከደጅ የቆመ ሰው በዓሉን በአንድ ልብ ሊወዱት አይችሉም።

ፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ ዳን ስፐርበር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በዶርዜ ሲያጠና ማስቃላን አይቷል። ሀላቃ የሚባሉት የባህል ሹማምንት ቅቤ በአናታቸው ተሸክመው ገበያውን ሲዞሩ ተመልክቶ ትርጉሙን ቢጠይቅ፣ ያገኘው መልስ ልማድ ነው የሚል ብቻ ነበር። ስፐርበር ከዚህ ተነሥቶ ስለ ምልክት ምንነት ዝነኛ መጽሐፍ ጻፈ። ለእኛ የሚጠቅመው ግን መልሱ ራሱ ነው። ዎጋ (የአባቶች ልማድ) ስለሆነ ይደረጋል፤ ለምን የሚል ጥያቄ ቦታ የለውም። ለዚህ ጥያቄ ቦታ የጠየቁ ሰዎች ግን ከስፐርበር በፊትም በዚያው ደጋ ላይ ነበሩ።

ጋሞ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ሲገባ የደጋው ገበሬ ገባር ሆነ። በገባር ሥርዓት በዓል ሲመጣ ለባለሥልጣንና ለመልከኛ መታያ ይሰጥ ስለነበር፣ መስከረም 17 ለገበሬው የቤቱ በዓልም የጌታው በዓልም ሆነ። የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መስቀልን በንግሥት እሌኒ ታሪክ ታከብራለች፤ ገበሬው ማስቃላን በአባቱ ዎጋ። ሁለቱ በአንድ ቀን እየዋሉ ተቻችለው ኖሩ።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከዚያው ከጋሞ ኤሳ ላሌ የሚባል ሰባኪ ተነሣ። ሚስዮናዊ አላስተማረውም። ለመናፍስት መሠዋትን ተዉ፣ ፈጣሪ ጦሳን ብቻ ለምኑ፣ ማር በጣታችሁ ነክታችሁ ወደ ሰማይ እርጩ ብሎ እያስተማረ እስከ ወላይታ ድረስ ተሰማ። ባለሥልጣናት ሕዝብ እንዳያነሣሣ ሰግተው አሰሩት። እንቅስቃሴው ቢከስምም ያነሣው ጥያቄ ቀረ፦ መሥዋዕቱ ቢቀር አባቶች ይቀየማሉን? ዎጋን በውስጥ ሆኖ መመርመር ከውጭ የገባ ነገር ነው ለሚሉ ሰዎች፣ ከኤሳ ላሌ የበለጠ መልስ የለኝም።

የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው የፕሮቴስታንት ድርጅት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ወላይታ ገቡ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜም እንዲወጡ ተደረጉ። በሌሉበት ዘመን የወላይታ አማኞች ከመቶ በታች ከነበረ ቁጥር ተነሥተው በብዙ ሺህ በዙ፤ ከእነርሱም ወንጌላውያን ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ተሻገሩ። የእነዚህ ሰዎች ትምህርት ለማስቃላ ከባድ ነበር። አማኙ ከመሥዋዕት ይርቃል፣ የባዕድ አምልኮ ሥጋ አይበላም፣ አያሰክርም አይሰክርምም፣ ሀላቃ አይሆንም። አንድ ልጅ ይህን ሲቀበል ከአባቱ ምርቃት ራሱን አወጣ ማለት ነው፤ አባቱም ጎሜው በቤቱ ሁሉ ላይ እንዳይወርድ ፈራ። በየቤቱ የተነሣው ጠብ ከሃይማኖት ክርክር በላይ የወላጅና የልጅ ኀዘን ነበረበት። ከማዕዱ ተገልለው ለኖሩት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ግን አዲሱ ጉባኤ በአንድ አግዳሚ ወንበር የሚቀመጡበት የመጀመሪያው ስፍራ ሆነላቸው። ከእነርሱ ብዙዎች ለምን እንደተቀላቀሉ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

ደርግ ደግሞ ሁለቱንም ወገን መታ። በ1967 «እድገት በኅብረት» ብለው የዘመቱ ተማሪዎች መሥዋዕቱንና የሀላቃውን ሥርዓት ኋላ ቀር እያሉ አወገዙ፤ የየካቲት 25 የመሬት አዋጅም የባላባትነቱን መሠረት ነቀለ። በ1970ዎቹ በደቡብ የእነዚያ አማኞች የሆኑ ብዙ የቃለ ሕይወት አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። በዎጋው ያለውና በወንጌሉ ያለው በአንድ ዘመን ተሳደዱ፤ ይህ የጋራ መከራ በሁለቱ መካከል የነበረውን ጥላቻ በመጠኑ እንዳላላው እገምታለሁ።

ከ1987 እስከ 1989 ድረስ በዶኮ ማሾ የተቀመጠችው እንግሊዛዊቷ የባህል ተመራማሪ ዴና ፍሪማን ከደርግ በኋላ የተመለሰውን በዓል ከአዲስ ችግሩ ጋር አግኝታዋለች። በሽመና ገንዘብ ያገኙ ታናናሾች ከታላላቆቻቸው በልጠዋል፤ የምርቃቱና የመሥዋዕቱ መብት ግን አሁንም የታላላቆች ነው። ሀላቃ መሆን አገር ማብላትን ይጠይቃል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ክብሩን ይሸሻል። ቅሬታው እዚህ የሃይማኖት አይደለም። ዓመት ሙሉ የለፋበትን በአንድ ሳምንት የሚጨርስ፣ አንዳንዴም ተበድሮ የሚያርድ ሰው ቅሬታ ነው፤ እርሱም ሊደመጥ ይገባዋል።

በ1999ኙ ቆጠራ ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከነበረው ከያኔው የጋሞ ጎፋ ዞን ነዋሪ ከግማሽ በላይ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል። ይህ ሁሉ ሰው ማስቃላን አልተወም። መሥዋዕቱን ትቶ ሥጋውን፣ ቦርዴውን ትቶ ጥየቃውን ያዘ። በ2006 ኅዳር የመስቀል በዓል በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ በአርባ ምንጭም «ዮ ማስቃላ» በአደባባይ ይከበራል። የአደባባዩ በዓል ደምቋል፤ ቤት ውስጥ ያለው ጥያቄ፣ ማን ይመርቅ ማን ይረድ የሚለው፣ ለየቤተሰቡ እንደቀረ ነው።

በመስከረም 2011 መጀመሪያ በቡራዩና በአካባቢው በርካታ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች፣ የዶርዜ ሸማኔዎች ነበሩ። ማስቃላ ሊገባ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረም ነበር፤ ለበዓል ይመጣል የተባለ ልጅ አስከሬኑ መጣ ማለት ነው። በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ሣር የያዘን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ ወጣቶቹም ቆሙ። ከእነዚያ ወጣቶች መካከል ቸርች የሚሄድ፣ የአባቱን ሥርዓት የተወ አልነበረም ብሎ የሚያምን ያለ አይመስለኝም። ዎጋው ግን ሁሉንም አስቆማቸው። በዓሉ ከመግባቱ በፊት የተጣላን የሚያስታርቀው የማስቃላ ሕግ ከዚያ ቀን የበለጠ የተፈተነበት ጊዜ እኔ አላውቅም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ከማስቃላ ውስጥ የመሥዋዕቱን መብትና የገበታ አጥሩን የተጠራጠሩት ሰዎች በዓሉን አላፈረሱም፤ እርቁና የወላጅ ቤት እንዲተርፉ ከሌላው የለዩላቸው እነርሱ ናቸው። በ1967 ተማሪዎቹን ያዩ፣ «አልሠዋም» ብለው ከአባታቸው የተለዩ፣ ከደጅ ቆመው የሌላውን ማዕድ ያዩ ሰዎች ዛሬ በላንቴ፣ በጨንቻና በኦቾሎ በሽምግልና ዕድሜ ላይ ናቸው። ዘንድሮ ለማስቃላ ወደ ቤተሰባችሁ የምትሄዱ ሁሉ ሀላቃ የነበረውን ብቻ አትጠይቁ፤ ከበዓሉ የቀረውንም ለምን እንደቀረ ጠይቁትና ጻፉት።