ከቴሌታይፕ እስከ ጃቫ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህርነት በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

የሂሳብ ወይም የታሪክ መምህር ከብዙ ትውልድ መምህራን የተላለፈ መጽሐፍ፣ የማስተማር ልማድና የሥልጠና ኮሌጅ ወርሶ ወደ ክፍል ሲገባ፣ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ግን ይህን ሁሉ እያስተማረ መፍጠር ነበረበት። የኮምፒውተር ሳይንስ ሲባል ማሽኑን አብርቶ መጠቀም ማለት ሳይሆን፣ አንድን ችግር በቅደም ተከተል ወደሚፈጸሙ ጥቃቅን ደረጃዎች ከፋፍሎ ማሽኑ ሊያከናውነው በሚችል ትእዛዝ የመጻፍ ዕውቀት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው የትእዛዝ ስብስብ ፕሮግራም፣ የሚጻፍበትም ቋንቋ የፕሮግራም ቋንቋ ይባላል። ይህ ትምህርት ከ1960ዎቹ ወዲህ የተጓዘበት መንገድ ሲመረመር፣ ገንዘቡ ደጋግሞ ለማሽኑ ሲቀድም መምህሩን የማሠልጠኑ ጉዳይ ወደ ኋላ መቅረቱ፣ ትምህርቱ ሥር የሰደደውም መምህሩ የመማሪያ ጊዜ ባገኘበት ስፍራ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

የታሪኩ አንዱ ዋነኛ መነሻ በኒው ሃምፕሻየር ክፍለ ግዛት የሚገኘው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ለመጠቀም የፈለገ ሰው ትእዛዙን በካርድ ላይ አስበስቶ ለማሽኑ ሠራተኞች ካስረከበ በኋላ ውጤቱን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግሥቱ መጠበቅ ነበረበት። ጆን ኬመኒና ቶማስ ከርትዝ የተባሉ ሁለት የሂሳብ ፕሮፌሰሮች ይህን ለመለወጥ ከተማሪዎቻቸው ጋር በሠሩት ሥራ፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በሜይ 1 ቀን 1964 ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። ከቋንቋው ጋር አብሮ የመጣው የጊዜ መጋራት ሥርዓት፣ ማለትም አንድ ኮምፒውተር ጊዜውን በጥቃቅኑ እየሸነሸነ ብዙ ሰዎችን በአንድነት የሚያስተናግድበት አሠራር፣ ከኮሌጁ ውጭ ያሉ ትምህርት ቤቶችም በስልክ መስመር እንዲገናኙ በር ከፈተ። ትምህርት ቤቶቹ የሚያስፈልጋቸው ኮምፒውተር ሳይሆን ቴሌታይፕ ነበር፤ ይህም የተጻፈበትን በመስመሩ የሚልክ፣ የመጣለትንም መልስ በጥቅል ወረቀት ላይ በሰከንድ ዐሥር ፊደል ያህል የሚያትም ከባድና ጩኸታም የጽሕፈት መሣሪያ ነው።

መሣሪያው በአመዛኙ በሂሳብ ክፍል እጅ ስለ ወደቀ የሙያው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የሂሳብ መምህራን ሆኑ። የኮምፒውተሩ ጊዜ በኪራይ የሚከፈልበት ስለ ነበር ተማሪው ፕሮግራሙን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ጽፎ፣ በሐሳቡ ደረጃ በደረጃ ተከትሎ፣ ስህተቱን ለቅሞ ወደ መሣሪያው እንዲቀርብ ማድረግ የመምህሩ ዋና ሥራ ሆነ፤ ዛሬም ድረስ የዘለቀው ስህተትን በትዕግሥት እየፈለጉ የማረም ልማድ ከዚህ ቁጠባ ጋር አብሮ አድጓል። በሲያትል ከተማ የሚገኘው ሌክሳይድ የተባለው የግል ትምህርት ቤት በ1968 የእናቶች ማኅበሩ ያገለገሉ ዕቃዎችን ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ቴሌታይፕና የኮምፒውተር ጊዜ ሲከራይ፣ በኋላ ማይክሮሶፍትን የመሠረቱት ቢል ጌትስና ፖል አለን ከተማሪዎቹ መካከል ነበሩ። በዚያ ተማሪዎቹ በፕሮግራም አጻጻፍ መምህራኑን ለመቅደም ብዙ አልቆዩም፤ ስለዚህም ከተማሪው ጋር አብሮ መማርን እንደ ውርደት የማይቆጥር መምህር ለዚህ ሙያ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ።

መምህራኑ መማሪያውን ራሳቸው መሥራታቸውም የዘመኑ መለያ ነው። በ1971 በሚኒያፖሊስ ከተማ ዶን ራዊሽ የተባለ የመምህርነት ልምምድ ላይ የነበረ ወጣት ለስምንተኛ ክፍል የታሪክ ትምህርቱ ወደ ምዕራብ የፈለሱ ሰፋሪዎችን ጉዞ የሚያሳይ ጨዋታ ሲያስብ፣ የሂሳብ ልምምድ ላይ የነበሩት ጓደኞቹ ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር በቤዚክ ጻፉለት፤ የኦሪገን መንገድ የተባለው ይህ ጨዋታ በቴሌታይፕ ወረቀት ላይ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ነበር። የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በ1973 ኮምፒውተርን ለትምህርት ቤቶች በጋራ የሚያዳርስ ተቋም ካቋቋመ በኋላ፣ በ1974 የተቀጠረው ራዊሽ ጠብቆ ያቆየውን የታተመ ወረቀት እያየ ጨዋታውን እንደገና ወደ ማሽኑ አስገባው፤ በዚህም ለአንድ ክፍል የታሰበው ሥራ ለመላው ክፍለ ግዛት ተዳረሰ። ተቋሙ ሊታወስ የሚገባው ማሽን በማከፋፈሉ ብቻ አይደለም፤ የመምህራንን ሥራ ሰብስቦ፣ አስተካክሎና መምሪያ ጨምሮለት ለሌሎች መምህራን ማድረሱ ጭምር ነው።

በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ከ1977 ጀምሮ ወደ ገበያ ሲወጡ ሁኔታው ተለወጠ። አፕል ኩባንያ በካሊፎርኒያ ብቻ 9,000 ለሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ ኮምፒውተር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲለግስ ማሽኑ ብርቅ መሆኑ እየቀረ ሄደ። ሲይሞር ፓፐርት፣ ዋሊ ፎይርዛይግና ሲንቲያ ሰለሞን በ1967 ካበጁት፣ ልጆች በማያ ገጽ ላይ ያለችን ኤሊ በትእዛዝ እየመሩ ቅርጽ ከሚስሉበት ሎጎ ከተባለ ቋንቋ የተነሣው ሐሳብ፣ ልጅ በኮምፒውተር ከመመራት ይልቅ ኮምፒውተሩን ራሱ እንዲመራ ይሻ ነበር። ይሁን እንጂ በብዙ ትምህርት ቤቶች ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምር ሰው ስላልነበረ፣ የኮምፒውተር ክፍል የታይፕ መለማመጃና የደብዳቤ ማዘጋጃ ሆኖ ቀረ፤ የማሽኑ ቁጥር ሲያድግ ትምህርቱ ግን ጠበበ።

ትምህርቱ እንዳይጠፋ ከያዙት ምሰሶዎች አንዱ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት በ1984 ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው የላቀ ደረጃ ፈተና ነው፤ ይህ ፈተና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በኮሌጅ ሊቆጠርለት የሚችል ውጤት እንዲያመጣ ያስችለዋል። የመጀመሪያው የፈተና ቋንቋ የስዊዘርላንዱ ሊቅ ኒክላውስ ቪርት ሥርዓት ያለው የፕሮግራም አጻጻፍን ለማስተማር ያበጀው ፓስካል ነበር። በ1998 መገባደጃ በጀመረው የትምህርት ዘመን ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ጃቫ ተተካ። ለውጡ ለፈተና አዘጋጆች የአንድ ሰነድ መሻሻል ቢሆንም፣ ለመምህሩ ግን የክረምት ዕረፍቱን ለአዲስ ቋንቋ ማዋል፣ ለዓመታት ያጠራቀመውን መልመጃ ከሥሩ ማደስ፣ በመስከረምም ገና ያልጸናበትን ነገር ይዞ ተማሪ ፊት መቆም ማለት ነበር። በብዙ ትምህርት ቤት የትምህርቱ መምህር አንድ ሰው ብቻ በመሆኑ የሚያማክረው ባልደረባ በአጠገቡ አያገኝም፤ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን ማኅበር በ2004 መመሥረቱም ይህን ብቸኝነት ለማቃለል የተወሰደ ትልቅ እርምጃ ነው።

ተመራማሪዋ ጄን ማርጎሊስና ባልደረቦቿ በሎስ አንጀለስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አድርገው በ2008 ያሳተሙት ጥናት የችግሩን ጥልቀት አጋለጠ፤ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ተማሪዎች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ሳይጠፋ፣ የሚሰጠው ትምህርት ግን ከመተየብ ያልዘለለ መሆኑን አሳየ። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ትምህርቱ ተማሪው ከፈለገ ብቻ የሚወስደው ስለ ነበርና ለምርቃት እንደ ሂሳብ ወይም ሳይንስ ስለማይቆጠር፣ የማስተማር ፈቃዱም ሥርዓት አልነበረውም። ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከዚህ በኋላ የነደፈው ዕቅድ ግቡን በማሽን ሳይሆን በሰው ለካ፦ በ10,000 ትምህርት ቤቶች 10,000 በሚገባ የሠለጠኑ መምህራን። ከዚሁ ጥረት ጋር ተያይዞ በ2016 መገባደጃ የተጀመረው የኮምፒውተር ሳይንስ መርሖዎች ትምህርት የሚጠቀምበትን የፕሮግራም ቋንቋ መምህሩ ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ለዐሥርት ዓመታት የታዘዘለትን ቋንቋ ሲከተል የኖረው መምህር በዚህ ውሳኔ የሙያው ባለቤት ተደርጎ ተቆጠረ።

በዘርፉ የተመረቀ ሰው በኩባንያ የሚያገኘው ደመወዝ ከመምህር ደመወዝ ስለሚልቅ፣ ዛሬም ትምህርቱን ከሚሰጡት ብዙዎቹ እንደ ቴሌታይፑ ዘመን ከሂሳብና ከሌሎች ትምህርቶች የተሻገሩ ናቸው። ይህ መሻገር በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ቤዚክን የፈጠሩትም፣ የሰፋሪዎቹን ጉዞ በፕሮግራም የጻፉትም በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቁ ሰዎች አልነበሩምና። ጉድለቱ የተሻገረውን መምህር ያለ ሥልጠና፣ ያለ ባልደረባና ያለ ጊዜ ብቻውን መተው ነው። ቤዚክ ለፓስካል፣ ፓስካልም ለሲ ፕላስ ፕላስና ለጃቫ ቦታ ለቀዋል፤ ተማሪው ያልሠራለትን ፕሮግራም መስመር በመስመር እያነበበ ሐሳቡ የሳተበትን ቦታ እንዲያገኝ ከጎኑ ሆኖ የመጠየቅ ጥበብ ግን በወረቀት ጥቅል ፊት ከቆሙት የሂሳብ መምህራን እስከ ዛሬዎቹ የተላለፈ የሙያው ቅርስ ነው።