የጣና ዓሣ ማስገር ሥርዓት ለውጥ

ከጎንደር በስተደቡብ፣ ጎርጎራ ወደብ ካለችበት የደምቢያ ዳርቻ ጀምሮ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ዓሣ ማስገር ለረጅም ዘመን በዋናነት የወይጦ ማኅበረሰብ ሙያ ሲሆን፣ ሥራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል በሚሠራ ታንኳ ስለሚከናወንና ታንኳውም ከዳር ብዙ ስለማይርቅ፣ መሣሪያው ራሱ ያልተጻፈ ገደብ ነበር። ገደቡ የላላው በ1970ዎቹ ማብቂያ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተሳተፈችበት ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲያስገባ፣ አስጋሪዎችም በማኅበር ሲደራጁ ነው።

ገደቡ ከላላ በኋላ በዓሣው ላይ የደረሰው ጉዳት የከፋው አብዛኞቹ ከጣና ተፋሰስ በቀር በሌላ ስፍራ በማይገኙት የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ላይ ነው። እነዚህ ዓሦች በክረምት ለመራባት ወደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ስለሚወጡ፣ እንቁላል የያዙትን በወንዝ አፍ ላይ በመረብ መያዝ፣ ወይም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ በመበተን ማደንዘዝ የመጪውን ትውልድ ዓሣ ጭምር ማጥፋት ነው።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የማስገር ፈቃድንና ተቆጣጣሪዎችን ቢደነግግም፣ ከዘመናዊው መረብ መግባት ከ15 ዓመት በላይ ዘግይቶ መምጣቱ ከባድ ጉድለት ነበር። በ2007 ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ፣ አካባቢው ዋና ጥብቅ ቀጠና፣ መከለያና የሽግግር ቀጠና ተብሎ ስለተከፈለ፣ አስተዳደሩ ከዓሣው አልፎ ረግረጉንና ደንገሉን ጭምር የሚመለከት ሆኗል።